ኩባንያው ዋስ ይጥራ

አባዬ ኮምፒውተር ላይ መኪና መንዳት የጀመረ ሰሞን እናቴ ለመጣ ለሄደው ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነበራት። «ጅቡቲ መንገድ ላይ ሳለ ቤት አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ቤት ተቀምጦ ቤት የለም።» አባዬ ይሰማታል፣ ግን ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አያነሳም። ዕድሜውን ተሳቢ ሲነዳ ኖሮ ወገቡ የከዳው ሰው ነው። ቤቴል ያለ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ የሚባል ነገር እንዳይነኩ» ሲለው አጠገቡ ነበርኩ። ታክሲ ይዘን ወደ አየር ጤና ስንመለስ የሹፌሩን እግር ብቻ ነበር የሚያየው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የእሱም እግር አብሮ ይረግጥ ነበር።

ከዚያ ታናሽ ወንድሜ አግብቶ ሳንሱሲ ሰፈር ሲገባ የድሮ ኮምፒውተሩን ከነመሪውና ከነፔዳሉ ሳሎናችን ጥግ ጥሎት ሄደ። ሚስቱ «ወይ እኔ ወይ መሪው» ብላው ነው አሉ። ውስጡ የጭነት መኪና የሚነዳበት ጨዋታ ነበረ። ጨዋታውን የሠራው ኩባንያ ለኮምፒውተር ተጫዋቾች ያቆመው የኦንላይን መድረክ አለው፤ በዚያ በኩል የገባ ሰው ለብቻው አይነዳም፣ ከየአገሩ የገቡ ሰዎች በዚያው አውራ ጎዳና ላይ አብረው ይነዳሉ። አባዬ ይህን የሰማ ዕለት መኪናውን ዳር አስይዞ የሚያልፉትን ሲያይ ቆየና፣ «እነዚህ ሁሉ ውስጣቸው ሰው አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። «እውነተኛ ሰው?» እውነተኛ ሰው። የዚያን ዕለት እራቱን እዚያው መሪው ፊት ተቀምጦ በላ።

እኔ ቤቴል አንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ዋናው ጠባዬ ግን ነገር መጠየቅ ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የጀመረውን የስልክ ወሬ ሳይጨርስ ከወረድኩ ቀኑን ሙሉ ይቆጨኛል። ስለዚህ አባዬ ጀርባ ቆሜ የማየው መንገዱን አልነበረም። ያ ቀይ መኪና ውስጥ ያለው ማነው? ሥራ የለውም? ሚስቱስ እንደ እናቴ ትነዘንዘዋለች? አባዬን ብጠይቀው ይቆጣኛል። «ሹፌር ሹፌርን የጓዳውን አይጠይቅም።»

ከሁሉም በላይ ማወቅ የፈለግኩት የቢጫውን መኪና ሹፌር ነበር። ጨዋታው ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች አንዲት የወደብ ከተማ አለች፤ መግቢያዋ ላይ ነዳጅ ማደያ። አባዬ በየቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን አረንጓዴ መኪናውን እዚያ ያቆማል። ቢጫው መኪና ከተፍ ይላል፣ ወይም ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል። አባዬ ክላክስ አሰምቶ ረጅሙን መብራት አንዴ ብልጭ ያደርጋል፣ ቢጫውም አንዴ ብልጭ ያደርጋል፣ ተከታትለው ይወጣሉ። እንዴት እንደተዋወቁ አላየሁም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ተዋውቀው ነበር።

የሚነጋገሩት አባዬ ጅቡቲ መንገድ ላይ በለመደው ቋንቋ ነው። አንዴ ብልጭ ማለት «አለሁ» ነው። ሁለቴ ብልጭ ሲል «ተጠንቀቅ፣ ወደፊት ነገር አለ» ነው። የሚመጣው የማይታይበት ጠመዝማዛ ላይ ከፊት ያለው ቀኝ ፍሬቻ ካበራ ደግሞ «መንገዱ ነጻ ነው፣ ሳትፈራ ና» ማለት ነው። ሰውየው መጀመሪያ ላይ ይህን አያውቅም ነበር፤ አባዬ ደጋግሞ ሲያሳየው ገባው። መጻፍም ይቻላል፤ እኔ እጽፍልሃለሁ፣ አገሩን ልጠይቅልህ፣ ስሙን ልጠይቅልህ ብዬ ለመንኩት። ከመኪናው በላይ የሚታየው ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነገር ነው፤ የሰው ስም አይመስልም። «ተይ» አለኝ። «ሹፌር በመብራት ነው የሚያወራው። ብዕር ለጸሐፊ ነው።»

መብራት በጠፋ ቀን ያየ ሰው ነው ነገሩ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው። አባዬ እንግዳ በር ላይ አቁሞ እንደረሳ ሰው ይንቆራጠጣል። ደጅ ወጥቶ የሰፈሩን ምሰሶዎች ያያል፣ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። «ሰውየው እየጠበቀኝ ነው እኮ» ይላል። ከሐኪሙ ቀን ጀምሮ እሱን የሚጠብቀው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ያንን ደግሞ እኔም እናቴም እናውቅ ነበር። ስለዚህ እናቴ ታላግጣለች እንጂ ኮምፒውተሩን አንስታ ቦታዋን ልታስመልስ ሞክራ አታውቅም።

አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ አባዬ ማጉረምረም ጀመረ። «ይሄ ሰውዬ አሞታል።» ምኑን አየህ አልኩት። «ጠመዝማዛው መሃል ገብቶ ፍሬን ይረግጣል። ማርሽ አይቀንስም። ይሄ የሱ ጠባይ አይደለም፤ ጎበዝ ሹፌር ነበር።» ምናልባት አዲስ መሪ ገዝቶ ይሆናል አልኩ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። «መሪ አይደለም፣ እጅ ነው።» ከዚያ ወዲህ ከፊት የሚሄደው አባዬ ሆነ። ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ጠመዝማዛ ሳይደርሱ ገና ከሩቁ ቀኝ ፍሬቻውን ያበራል፣ ቢጫው መኪና ሲዘገይ ዳር ይዞ ይጠብቀዋል። ሌላው መኪና ሁሉ ክላክስ እያጮኸ ጥሏቸው ያልፋል። በእውነተኛው መንገድ ላይ አንድም ቀን ማንንም ጠብቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ወሬውን ያመጣው ወንድሜ ነው። ከሳንሱሲ ደውሎ፣ ኩባንያው ፊቱን ወደ ስልክ ጨዋታ አዙሯል፣ የኮምፒውተሩን መድረክ ሊዘጋው ነው እየተባለ ነው አለኝ። ለአባዬ እንዴት እንደምነግረው ሳወጣ ሳወርድ ኩባንያው ራሱ መግለጫ አወጣ። ደስ ብሎኝ ሮጬ ሄጄ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ለኮምፒውተር ተጫዋቾች መድረካችን ያለን ቁርጠኝነት እንደጸና ነው ይላል። ለረጅሙ ጉዞ አብረናችሁ ነን ይላል።

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። «ማን ጠየቃቸው?»

«እንዴ፣ ሰው ተጨንቆ ነዋ!»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አለ። ከዚያ ደጋግሞ የነገረንን ታሪክ እንደ አዲስ ነገረኝ። ይሠራበት የነበረው የትራንስፖርት ድርጅት ሹፌሮቹን ሰብስቦ፣ ለስላሳ አጠጥቶ፣ «እስከ መጨረሻው ከእናንተ ጋር ነን» ብሏቸው ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ መኪኖቹ ለጨረታ ቀረቡ። አባዬ ይነዳው የነበረውን መኪና ሌላ ሰው ሲያስነሳው ከአጥሩ ውጪ ቆሞ አይቷል፤ ማርሹን ሲያንገጫግጨው ሰምቶ ጆሮውን እንደያዘ ነው የሚናገረው።

«ለመሆኑ ዋሳቸው ማነው?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ኩባንያ ዋስ የለውም አልኩት።

«ለምን አይኖረውም? እኔ ስቀጠር ተያዥ አምጣ ተብዬ አጎቴን ከገጠር አስመጥቻለሁ። አንቺስ ያለ ተያዥ ነው ያስተማርሽው? የሚታወቅ ሰው ይቁምላቸው። ቃላቸውን ቢበሉ ማንን ነው የምይዘው? ጻፊላቸው፤ ዋስ ይጥሩ።»

እውነቱን ለመናገር የጻፍኩት ለአባዬ ብዬ ብቻ አይደለም። ምን ብለው እንደሚመልሱ ለማወቅ ጓጉቼ ነው። መግለጫው ሥር ገብቼ በደህና እንግሊዝኛ አስቀመጥኩት። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አሁን አረንጓዴ መኪና ይነዳል፣ በየቀኑ የወደቡ ማደያ ላይ ይቆማል። በአገራችን ቃል የሚሰጥ ሰው ዋስ ይጠራል፤ እሱ ቢጠፋ በእሱ ቦታ የሚቆም። የእናንተ ዋስ ማነው ብሎ ይጠይቃል።

ኩባንያው መለሰ። ለጨዋታው ስላለን ፍቅር አመሰገነን፣ ቁርጠኛ መሆኑንም ደገመልን። ተጫዋቾቹ ደግሞ ጨዋታ አገኙ። አንዱ ድመቴ ዋስ ትሁን ብሎ ፎቶዋን ለጠፈ። ይህንን ለአባዬ ሳነብለት ኮስተር ብሎ አሰበና «ድመት ዋስ አትሆንም» አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ያዘችው ሳህን ወደቀ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ ስልኬን ስከፍት ለእኔ ብቻ የተላከ መልእክት አገኘሁ። ከቢጫው መኪና ነው፤ ያ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ስም አለበት። ሻዬን አስቀመጥኩ። ስንት ጊዜ ልጠይቅ ብዬ የተከለከልኩትን ሰው በመጨረሻ ላገኘው ነው ብዬ ቸኩዬ አነበብኩ።

የጻፈችው ሴት ናት። መኪናው የባለቤቷ ነበር። እሱ ባለፈው ክረምት አርፏል። ከቀብሩ በኋላ ጨዋታውን ልዘጋለት ኮምፒውተሩን ስከፍት አንድ አረንጓዴ መኪና ማደያው ላይ ቆሞ መብራቱን ብልጭ አደረገልኝ ትላለች። ምን እንደምለው አላወቅኩም፤ ሞቷል ብዬ ልጽፍ አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ። ባሌ ሲያደርግ እንዳየሁት መብራቱን አንዴ አበራሁለት። ሄደ፣ ተከተልኩት። ከብስክሌት ሌላ ነድቼ አላውቅም። በማግስቱም እዚያው ቆሞ ነበር። ወደ መግለጫው የመጣሁት አባትሽ በፈራበት ምክንያት ነው፤ መድረኩ ከተዘጋ የሚጠብቀኝ ሰው አይኖርም። አባትሽ ግን እንዳታለልኩት ያስባል?

ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ቤት ስደርስ በቀጥታ ጓዳ ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሴት መሆኗን ስትሰማ ወገቧን ያዘች። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ከሴት ጋር ነው ሲዞር የከረመው በይኛ!» ከዚያ ቀሪውን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ስንዴና ሽምብራ አውጥታ መልቀም ጀመረች። ምን ልታደርጊ ነው አልኳት።

«ሰው ሞቶ አይደለም እንዴ? ንፍሮ ነዋ። አንቺም አሁን እንዳትነግሪው። መርዶ በማለዳ ነው፣ ደግሞም በሰው ፊት ነው።»

እናቴ አንዴ ከተነሳች የሚመልሳት የለም። ግድግዳ የምንጋራቸው ነጋዴው ጎረቤታችንና ባለቤታቸው በማለዳ እንዲመጡ ነገረቻቸው። ማነው የሞተው አሉ። የባለቤቴ የመንገድ ጓደኛ አለቻቸው፤ ውሸትም አልነበረም። ጠዋት አባዬ ፊቱን ታጥቦ ከባኞ ሲወጣ ሳሎኑ ውስጥ ጎረቤቶቻችን ቆመዋል፣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ እኔ ጥግ ይዣለሁ። ፎጣው ከእጁ ወደቀ።

«ልጄ ነው?» አለ። «ሳንሱሲ ምን ሆኗል? ልጄ ነው?»

ይህንን ማናችንም አላሰብንም ነበር። መርዶ አዋቂ ነኝ የምትለው እናቴ እንኳ አፏን ያዘች። ነጋዴው ቶሎ ብለው ደገፉት። «ልጅህ ደህና ነው ወንድሜ፣ ደህና ነው! የመንገድ ጓደኛህ ነው ያረፈው፤ አላህ ይዘንለት።»

«የቱ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «የቢጫው መኪና ሹፌር» አልኩ። ከዚያ መልእክቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ነገርኩት። አባዬ ቀስ ብሎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። በመጀመሪያ የተናገረው «እጅ ነው ብዬሽ አልነበረም?» የሚለውን ነው። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ክላክስ እያጮህኩ ስጨፍርበት ነበር እኮ። ወዳጄ አፈር ሲገባ ለቅሶውን አልደረስኩም። ቤቱ ሐዘን ተቀምጦ እኔ ደጁ ላይ መብራት አበራለሁ!» ወንድሞቹ ሲሞቱ እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም። ነጋዴው አጠገቡ ተቀምጠው አብረውት አለቀሱ። ሰውየውን አያውቁትም፤ መኪናውንም አላዩትም። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ የሟቹን አገር ይጠይቁኛል።

አስር ሰዓት ሲሆን አባዬ ጥቁር ኮቱን ለበሰ። እናቴ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ኮምፒውተሩ ቤታችን ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ንፍሮውን በሳህን አድርጋ ከኪቦርዱ አጠገብ አኖረችው። ማደያው ላይ ቢጫው መኪና ቆሟል። አባዬ ክላክስ አላሰማም፣ መብራትም አላበራም። ጎን ለጎን አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ልበላት?» አልኩት፤ አሁን መጻፍ ተፈቅዶልኛል።

እናቴ ቀደመችው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ በያት። ሳንሰማ ቀርተን ነው በያት። አታለልሽኝ የሚል የለም በያት።»

ጻፍኩ። ሴትየዋ ለምን ሞተሩን እንዳጠፋ ጠየቀችኝ። ለቅሶ ደርሶ ነው፣ እኛ ጋ ከሐዘንተኛ ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ አለ አልኳት። እኔም ላጥፋ አለች። አጠፋች። ንፍሮ እየበላን ሁለቱን መኪናዎች አየን፤ ከኋላቸው ባሕሩ ይንቀሳቀሳል። ሰው በኮምፒውተር ለቅሶ ይደርሳል ወይ ብዬ ልሳለቅ ነበር፣ እናቴ ከአፌ ነጠቀችኝ። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች።

ብዙ ከቆየን በኋላ ሴትየዋ ጻፈች። ኩባንያው ለአባትሽ ጥያቄ መልስ ሰጠው ወይ? ዋስ ጠራ?

ተረጎምኩለት። አባዬ መሪውን ለቆ ወደ እኔ ዞረ። «አልጠራም በያት። መድረካቸውንም ነገ ይዝጉት፣ ከነገ ወዲያ ይዝጉት አላውቅም። ባልሽ ግን አንድም ቀን ቃል አልሰጠኝም ነበር በያት። ሞቶ እንኳ አልቀረም።»

ይህንን እንግሊዝኛ ለማድረግ ጣቴ ዘገየ፤ ዓይኔም አላይ ብሎኝ ነበር። ላክሁት። በኋላ የቢጫው መኪና መብራት አንዴ ብልጭ አለ። አባዬም አንዴ ብልጭ አደረገ።

«ዛሬ አንቺ ቅደሚ በያት» አለኝ።

እፈራለሁ አለች። እኔ ከኋላሽ ነኝ አላት። ወጡ። እየፈራች፣ አንዴ ወደ ዳር አንዴ ወደ መሃል እያለች ሄደች፤ እናቴ መሪውን እሷ የያዘችው ይመስል ወንበሯን ጨምድዳ ይዛለች። ጠመዝማዛው መጣ፤ ያ ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ፍሬን የምትረግጥበት። ከመግባቷ በፊት ፍጥነቷን ቀነሰች። ከዚያ ገና ከሩቁ፣ ከኋላዋ ለሚመጣው፣ ቀኝ ፍሬቻዋን አበራች።

«ውይ!» አለች እናቴ። «ይቺን ማን አስተማራት?»

አባዬ በኮቱ እጅጌ ዓይኑን እየጠረገ ተከትሏት ገባ።